ቤት ሳህን አያነሳም፣ እዚያ የሽማግሌ ጥፍር ይቆርጣል

ጥያቄ፦

ውድ አማካሪ፣ ጤና ይስጥልኝ።

እድሜዬ 25 ነው። የ15 ዓመት ታናሽ ወንድሜን የማሳድገው እኔ ነኝ። አባታችን በሕይወት የለም። እናታችን ኩዌት ሰው ቤት ትሰራለች፤ ከሄደች ስድስተኛ ዓመቷን ይዛለች። እኔ አንድ ካፌ ውስጥ ካሸር ነኝ። እማዬ የምትልከውና የኔ ደሞዝ ተደማምሮ ኑሮን እንደምንም እየገፋን ነው።

ተወልደን ያደግነው ካዛንቺስ ነው። ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ ገላን ጉራ ቤት ደረሰን። ቤቱን አላማም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳችን ሽንት ቤት አለን። ወንድሜ ግን ከመጣን ጀምሮ ሌላ ልጅ ሆነብኝ። አዲሱን ትምህርት ቤት ሊለምደው አልቻለም። ክፍል ውስጥ ከማንም ጋር አይገጥምም። 8ኛን በመከራ አለፈ። ዘንድሮ 9ኛ ገብቶ ጭራሽ ባሰበት።

የሚወደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰርከስ። ካዛንቺስ እያለን የጀመረው ነው። ከድሮ ሰፈር ልጆች ጋር አንድ ወጣት ማዕከል ውስጥ ይለማመዳሉ። ማክሰኞና ሐሙስ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ቅዳሜ ደግሞ ሙሉ ቀን። ታክሲ እየቀያየረ ይሄዳል፤ ማታ 2 ሰዓት አልፎ ይገባል። በወር አንድ እሁድ ቡድኑ አረጋውያን ወደሚኖሩበት ማዕከል ይሄዳል። ትርኢት ያሳያሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ ያበላሉ። አንድ ቀን እኔም አብሬው ሄድኩ። የአንድ ሽማግሌ እግር ጭኑ ላይ አድርጎ ጥፍራቸውን ሲቆርጥ አየሁት። ቤት የበላበትን ሳህን የማያነሳ ልጅ! እንባዬ መጣ። ማታ ቤት ስንገባ ደግሞ ሳህኑን እንደ ወትሮው ጥሎት ተኛ።

ችግሩ የጀመረው በቅርብ ነው። ከትምህርት ቤት ተደውሎልኝ በአንድ ወር ውስጥ አስር ቀን ያህል እንደቀረ ነገሩኝ። አብዛኛው ሰኞና ረቡዕ ጠዋት ነው አሉኝ። ስጠይቀው «ልምምድ ነበረን» አለ። ሱሪውን ሳጥብ ደግሞ ኪሱ ውስጥ የቤቲንግ ቲኬት አገኘሁ። የጓደኛዬ ነው አለኝ። ለእማዬ መቅረቱን ስነግራት በስልክ ጮኸች። «ዛሬውኑ ከዚያ ዱርዬ ቤት አስወጪው። እኔ የሰው ቤት የምጠርገው እሱ ሲገለባበጥ ልይ ብዬ ነው?» አለችኝ። እሷስ ምን ታድርግ፣ እውነቷን ነው።

በዚህ መሐል ቡድኑ በሚቀጥለው ወር ለአራት ቀን ሐዋሳ ሊሄድ ነው። የወላጅ ፈቃድ ፎርም አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦልኛል። «ካልፈረምሽ ትምህርቱንም ተይው» ብሎኛል። ጎረቤቶች ቆፍጠን በዪ ይሉኛል። እኔ ግን ከሰርከሱ ባስወጣው ጨርሶ የሚጠፋብኝ ይመስለኛል። ብተወው ደግሞ እናቴን ከዳሁ። ምን ላድርግ?

ግራ የገባት እህት፣ ከገላን ጉራ


መልስ፦

እህቴ፣

ደብዳቤሽ ውስጥ መጀመሪያ ዓይኔን የያዙት ቀኖቹ ናቸው። ልምምዱ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ነው ብለሻል። ከትምህርት የቀረባቸው ቀኖች ግን ሰኞና ረቡዕ ናቸው፣ ያውም ጠዋት። አይገጥምም። «ልምምድ ነበረን» ሲልሽ ዋሽቶሻል። ለምን በሰርከሱ አሳበበ ካልሽ፣ ቤት ውስጥ ደፍሮ ሊጠራው የሚችል ትንሽም ብትሆን ክብር ያላት ሰበብ እሷ ብቻ ስለሆነች ይመስለኛል።

እስቲ ነገ አስወጣሽው እንበል። የሰኞና የረቡዕ ጠዋቱ ችግር እንዳለ ይቀመጣል፤ አልነካሽውም። በላዩ ላይ የማክሰኞና የሐሙስ አመሻሹ፣ የቅዳሜው ቀን በሙሉ ባዶ ይሆናል። ያንን ባዶ ሰዓት ማን ሊሞላው እንደተዘጋጀ ኪሱ ውስጥ ያለው ወረቀት ነግሮሻል። ስለዚህ ቁርጡን ልንገርሽ፤ እኔ አንቺን ብሆን አላስወጣውም። እንዲሁ ዝም ብዬም አልተወውም። በሁለቱ መሐል ብዙ ሥራ አለ፣ እሱን እናውራ።

የቤቲንግ ቲኬቷን በአንድ መስመር ነው ያለፍሻት። ለኔ ግን ከደብዳቤሽ ሁሉ የከበደችው እሷ ናት። ቤቲንግ ቤት ለልጅ አይፈቀድም ይባላል፤ ትልቅ ሰው ልኮ ማስቆረጥ ወይም በሰው ስልክ መጫወት ግን ምንም እንደማያቅት ማንኛውም የሰፈር ጎረምሳ ይነግርሻል። ቀኖቹን እንደገና እያቸው። ሰኞ የቅዳሜና የእሁድ ጨዋታ ማግስት ነው። ረቡዕ የማክሰኞው ቻምፒየንስ ሊግ ማግስት ነው፤ እሱ ደግሞ እኛ ጋ የሚያልቀው እኩለ ሌሊት አልፎ ነው። በስልክ ሲከታተል አድሮ ጠዋት መነሳት አቅቶት ሊሆን ይችላል። የተበላ ብር ሊያስመልስ ሊሆን ይችላል። ያበደረው ሰው ትምህርት ቤት በር ላይ እየጠበቀው ሊሆንም ይችላል።

ይሄ ግምት ነው። ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል። ሰኞና ረቡዕ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ምንድነው? የክፍል ፕሮግራሙን ተመልከቺ። ሁለቱም ቀን ሒሳብ ከሆነ ወይም የሚፈራው አንድ መምህር ካለ ታሪኩ ሌላ ነው። ከፈረሰ ሰፈር መጣ እያሉ የሚያሾፉበት ልጆች ካሉም እንደዚያው። አንቺ ግን ራስሽን ጠይቂ፤ ቤት ውስጥ ብር ጎድሎብሽ ያውቃል? የታክሲ ብሎ የሚወስደው ከወትሮው ጨምሯል? አንድ ዕቃ «ጠፋብኝ» ብሎሽ ያውቃል?

እሱን የምትጠይቂበት ጊዜና ቦታ ደግሞ ወሳኝ ነው። ማታ ደክሞት ሲገባ፣ ቲኬቷን በእጅሽ ይዘሽ በር ላይ ከጠበቅሽው የምታገኚው ሌላ ውሸት ነው። ቅዳሜ ወደ ልምምድ ሲሄድ አብረሽው ታክሲ ግቢ። ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ መነጋገር ለጎረምሳ ይቀለዋል። ከዚያ እንዲህ በዪው፦ «ቲኬቱ የማንም ይሁን፣ ስለሱ አልጨቃጨቅህም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ዕዳ አለብህ?» ከዚያ ዝም በዪ። ዝምታው ረጅም ሊሆን ይችላል፤ አትሙዪው። አለብኝ ካለሽ በዚያው ደቂቃ አትቆጪው። ስንት ነው፣ ለማን ነው፣ እስከ መቼ ነው፣ እነዚህን ብቻ ጠይቂ። ገንዘቡን ለእሱ አትስጪው። አብራችሁ ሄዳችሁ ለሰውዬው አንቺ ክፈዪ፤ ወንድምሽ ደግሞ ቀስ እያለ እንዲመልስልሽ ተነጋገሩ። ማስፈራሪያ ካለበት ግን ብቻሽን አትሂጂ፤ ሰፈር የሚያከብረው ትልቅ ሰው ይዘሽ ሂጂ።

አሁን ወደ ሰርከሱ ልምጣ። እናትሽ «ዱርዬ ቤት» ስላለችው ነገር ትንሽ ላጫውትሽ፤ ነገሩ ሥር ያለው ነውና።

ሰርከስ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። በደርግ ውድቀት ሰሞን መሆኑ ነው። ግቢ ውስጥ ሲገለባበጡ የነበሩ ልጆች ተሰባስበው መድረክ ላይ ወጡ። ቆይቶ ነገሩ ወደ ጅማ፣ ወደ መቀሌም ተዛመተ። ልጆቹ በትርኢታቸው መሐል ስለ ኤች አይ ቪ ያስተምሩ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ትልልቆቹም ስለ በሽታው በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት። በ1996 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሮይስተን ማልዱም የሚባል እንግሊዛዊ የዳንስ ባለሙያ አዲስ አበባ መጥቶ ጎዳና ላይ ከሚውሉ ልጆች ጋር መሥራት ጀመረ። ከዚያ የወጣው አዱኛ የዳንስ ቡድን ነው። የተመረጡት ልጆች ለዓመታት ሰለጠኑ። እነሱም በተራቸው አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ማስተማር ጀመሩ። ጁነይድ ጀማል ሰንዲ ከእነሱ አንዱ ነው፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ሮሌክስ በሚባለው ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር ተመርጦ ከታዋቂው ጃፓናዊ የዳንስ ባለሙያ ከሳቡሮ ቴሺጋዋራ ጋር ሠርቷል። በዚያው ዓመት ፈካት ሰርከስ አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ፤ ልጆቹ ሆስፒታል ተኝተው የሚታከሙ ሕጻናትን እየሄዱ ያስቃሉ። ደብረ ብርሃን ሰርከስ ብትሄጂ አካል ጉዳት ያለባቸውና የሌለባቸው ልጆች አንድ ላይ ሲሠሩ ታገኛለሽ።

ይሄን ሁሉ የምዘረዝርልሽ ወንድምሽ ጃፓናዊ አስተማሪ ያገኛል ለማለት አይደለም። አብዛኞቹ ልጆች ታዋቂ አይሆኑም። የሰርከስ ሥራ ብዙ ሰው አያበላም፤ ጉልበትና ወገብም ይጎዳል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። በእነዚህ ቡድኖች ሁሉ ልጁ ትንሽ እንደተማረ ወዲያው ለሌላ ሰው እንዲሰጥ ይደረጋል። ለታመመ ልጅ፣ ለአረጋዊ፣ አንድ እጅ ለሌለው እኩያው። ረድኤት ተቀባይ ሆኖ አይቀመጥም።

የወንድምሽን ሕይወት በዚህ በኩል እይው። ነፍስ ካወቀ ጀምሮ የሚሰማው አንድ ነገር ነው። እናትህ ለአንተ ብላ ተሰደደች። እህትህ ለአንተ ብላ ትለፋለች። እውነት ነው፣ ሁለታችሁም ለፍታችኋል። ግን የ15 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ይሄ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን አስቢው። የፈለገውን ቢያደርግ ሊመልሰው የማይችል ውለታ ነው። 9ኛ ክፍል ላይ ሒሳብ ሲወድቅ የወደቀው ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ የእናቱን ስድስት ዓመት ነው የጣለው። እንዲህ ሲሆን ደብተሩን መግለጥ ራሱ ያስፈራል። እዚያ ሽማግሌው ጋ ግን ምንም ዕዳ የለበትም። ጥፍር ቆረጠ፣ ሽማግሌው መረቁት፣ አለቀ። ያቺን እሁድ የሚወዳት ለዚህ ይመስለኛል። ሳህኑን የማያነሳውም ስለማያውቅበት አይደለም። (ለነገሩ እኔም በ15 ዓመቴ ሳህን ያነሳሁበትን ቀን አላስታውስም።)

ሌላም ነገር አለ። የሰው ፒራሚድ ሲሠሩ የት እንደሚቆም ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ታች ነው? መሐል? ጫፍ ላይ? ታች ከሆነ እሱ ያልመጣ ቀን ፒራሚዱ አይነሳም። ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ልጅ የምትረግጠው የእሱን ትከሻ ነው፤ ሌላ ትከሻ አታምንም። ትምህርት ቤቱ መቅረቱን ለአንቺ ለመንገር አስር ቀን ፈጅቶበታል። በእነሱም አልፈርድም፤ ክፍል ውስጥ ያለው ተማሪ ብዛት ይታወቃል። ሰርከሱ ጋ ግን ማክሰኞ ቢቀር እዚያው ማክሰኞ «የት ገባ?» ይባላል። ካዛንቺስ ሲፈርስ ሰፈሩም ጓደኞቹም ተበትነውበታል። የት ገባ የሚለው ሰው የቀረው በዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው። ታክሲ እየቀያየረ የሚሄደው ለመገልበጥ ብቻ እንዳይመስልሽ።

ይሄን ካልኩ በኋላ የማይመች ነገር መናገር አለብኝ። ልጅ የሚሰበሰብበት ቦታ ሁሉ ለልጅ ደህና ነው ማለት አይደለም። ያ ሰርከስ ኢትዮጵያ ራሱ የሚያሳዝን ምዕራፍ አለው። በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ለትርኢት አውስትራሊያ ከሄዱት ወጣቶች የተወሰኑት አንመለስም ብለው ጥገኝነት ጠየቁ፤ በቡድኑ መሪ ላይም የጥቃት ክስ አቀረቡ። ሁሉም ሰው ያጨበጨበለት ቡድን ነበር። ጭብጨባው ወላጆች እንዳይጠይቁ አድርጓቸው ይሆን እላለሁ።

ስለዚህ አንቺ ጠይቂ። ቅዳሜ በታክሲ አብረሽው ከሄድሽ እግረ መንገድሽን ገብተሽ ቁጭ በዪ። አልጋበዙኝም አትበዪ፤ አሳዳጊው ነሽ። ፍራሽ አላቸው ወይስ ሲሚንቶ ላይ ነው የሚዘሉት? አሰልጣኙ ልጅ ሲሳሳት ምን ይላል? ትንንሾቹ ፊቱን ሲያዩ ይፈራሉ ወይስ ይስቃሉ? ሴቶቹ ልብስ የሚቀይሩት የት ነው? ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን በር ዘግቶ የሚቀር ትልቅ ሰው አለ? አንድ ልጅ ቢሰበር ማን ያሳክማል? ቡድኑ በማን ስም ተመዝግቧል? ወጣት ማዕከሉ ቢሮ ገብተሽ ብትጠይቂ ማን እንደፈቀደላቸው ይነግሩሻል። ደግ አሰልጣኝ በነዚህ ጥያቄዎች አይከፋም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል፣ ምክንያቱም ብዙ ወላጅ ዝር አይልም። ከተቆጣ ወይም «አንቺን አይመለከትሽም» ካለሽ ያኔ እኔም ሐሳቤን እቀይራለሁ።

አሰልጣኙ ደህና ሰው ሆኖ ካገኘሽው ሁለት ነገር ለምኚው። አንደኛ፣ የሰኞና የረቡዑን ነገር ሳትደብቂ ንገሪው። ወንድምሽ ፊት ንገሪው እንጂ ከጀርባው አይሁን። «በልምምድ ስም እንደሚቀር ታውቃለህ?» በዪው። አያውቅም ብዬ እገምታለሁ፤ ሲሰማም ያመዋል። እሱ የሚላት አንድ ቃል ካንቺ መቶ ቃል ትበልጣለች፤ አትቀየሚ፣ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ነው። ሁለተኛ፣ ከቡድኑ ትልልቅ ልጆች መሐል 11ኛ ወይም 12ኛ የደረሰ፣ ሒሳብ የሚችል ካለ ቅዳሜ ከልምምድ በፊት አንድ ሰዓት እንዲያስጠናው ጠይቂ። ከማያውቀው አስጠኚ ይልቅ በአንድ ፒራሚድ ውስጥ አብሮት ከሚቆም ልጅ ቢማር አያፍርም። ክረምት ሲመጣ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በበጎ ፈቃድ የሚሰጡት የማጠናከሪያ ትምህርት አለ፤ ወረዳችሁ ላይ ከወዲሁ አጠያይቂ።

«ከቀረህ ሰርከስ የለም» የሚል ውል ግን አትግቢ። ብዙ ሰው ይሄን ይመክርሻል። ችግሩ መጥፎ ሳምንት በመጣ ቁጥር የሚያጣው ያንን የሚይዘውን ቦታ መሆኑ ነው። ቅጣት ካስፈለገ ሌላ ፈልጊ። ስልኩ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ አንቺ ጋ ይደር፤ ለቤቲንጉም ለእንቅልፉም መድኃኒት ነው።

ትምህርት ቤቱን በስልክ አትጨርሺው። ከሥራ ግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቀሽ የክፍል ኃላፊ መምህሩን አግኚ። ይቅርታ ለመጠየቅ ብለሽ አትሂጂ፤ መረጃ ፈልገሽ ሂጂ። የቀረባቸውን ቀኖች አንድ በአንድ ያሳዩሽ። ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ጠይቂ። ደግሞ ሚኒ ሚዲያ ወይም የቀይ መስቀል ክበብ እንዳላቸው ጠይቂ። ስፖርት መምህሩን ብታገኚው ይበልጥ ጥሩ ነው። «ወንድሜ ሰርከስ ይሠራል፣ ለትምህርት ቤቱ በዓል ከጓደኞቹ ጋር ትርኢት ቢያሳይስ?» በዪው። እስካሁን በዚያ ግቢ ውስጥ የሚታወቀው በመቅረቱ ብቻ ነው። አንድ ቀን ሰልፍ ፊት በእጁ ቆሞ ቢሄድ በማግስቱ ስሙን የሚጠሩት ልጆች ይኖራሉ። ክፍል ለመግባት አንዳንድ ጊዜ ይሄ ይበቃል።

የሐዋሳው ፎርም። «ካልፈረምሽ ትምህርቱን ተይው» ያለሽን ነገር እንደ ውሳኔ አትውሰጂው፤ የፈራ ልጅ ንግግር ነው። ዛሬ አትፈርሚ፣ አትቅደጂም። እንዲህ በዪው፦ «እንድትሄድ እፈልጋለሁ። ለመፈረም ግን ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ።» የት ያድራሉ? ወንድና ሴት ለየብቻ ነው? ከሴቶቹ ጋር የምትሄድ ትልቅ ሴት አለች? ማን ጋበዛቸው? በምን መኪና፣ ቀን ነው ሌሊት የሚጓዙት? የአሰልጣኙ ብቻ ሳይሆን የሌላ አንድ ትልቅ ሰው ስልክ ቁጥር ያዢ። አራቱ ቀን ትምህርት ያለበት ከሆነ ከትምህርት ቤቱ አስቀድሞ ፈቃድ ያምጣ፤ ራሱ ሄዶ ጠይቆ። እስከዚያ ባለው ጊዜ ደግሞ ሰኞና ረቡዕን ይግባ። ይሄ የቅጣት ውል አይደለም። ከቤት ለአራት ቀን የሚወጣ ልጅ የት እንደሚውል መታመን አለበት፣ ይኸው ነው። መልሶቹ ከተሟሉ ፈርሚለት። ካልተሟሉ ለዚህ ጉዞ እምቢ በዪ፣ ለሰርከሱ ግን እምቢ አትበዪ፤ ልዩነቱንም አስረጂው።

እናትሽን በተመለከተ፣ ስጋቷ ከመሬት የተነሳ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ተሻሻለ ሲባል 8.4 በመቶ ደረሰ። ያም ሆኖ ከአስር ልጅ ዘጠኙ አላለፈም። እናት ይሄን እየሰማች ሰው አገር ሆና እንዴት ትረጋጋ? እኔ ግን ከዚሁ ቁጥር ሌላም ነገር አነባለሁ። ሁሉን ነገሩን በአንድ ፈተና ላይ ያስቀመጠ ልጅ፣ ፈተናው ሲጥለው የሚይዘው የለም። ቡድን ያለው፣ እጁ ሥራ የለመደ፣ ትልልቅ ሰዎች በስሙ የሚያውቁት ልጅ ቴክኒክና ሙያም ቢገባ፣ ሌላም ቢሞክር መነሻ አለው። ለእሷ ግን ይሄን ሁሉ አትንገሪያት። በስልክ ክርክር አያሸንፍም።

አሳዪያት። በሚቀጥለው ወር አረጋውያኑ ጋ ሲሄዱ አንቺም ሂጂና በስልክሽ ቅረጪው። ሽማግሌዎቹ ፊታቸው እንዳይታይ አድርጊ፤ እነሱም ክብር አላቸው። ልጇ አጎንብሶ፣ መቁረጫውን ይዞ፣ ጥፍሩ ሲፈናጠር ሲስቅ። ያለ አንድ ቃል ኢሞ ላይ ላኪላት። የላክሽላት ቀን ዓርብ ቢሆን ይሻላል፣ ፋታ ካገኘች ያኔ ነው። ከዚያ ይደውል፤ አንቺ ሳትሆኚ እሱ። ስለ ውጤት ሳይሆን ስለ ሽማግሌው ያውራት። አየሽ፣ ስትሄድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው ጥላው የሄደችው። በስልክ የምታሳድገው አሁንም ያንን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። የቤቲንጉን ነገር ለጊዜው አትንገሪያት ብልሽ እናትሽን እንድትዋሺ መምከሬ ነው? ትንሽ ነው፣ አልክድም። ግን እዚያ ሆና ምንም ልታደርግበት አትችልም፤ መጀመሪያ ምን እንደሆነ አንቺ እወቂው፣ ከዚያ ከመፍትሔው ጋር ትነግሪያታለሽ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሳህኑን ለጊዜው እርሺው። ከሳህን የሚበልጥ ነገር ስጪው። ማክሰኞና ሐሙስ እሱ ያመሻል፤ ዓርብ እራት የእሱ ይሁን። ሽሮም ቢሆን፣ እንቁላልም ቢሆን እሱ ይሥራው፣ አንቺ ከሥራ መጥተሽ ተቀምጠሽ ብዪ። ጨው ቢበዛበትም ብዪ። ላይሠራ ይችላል። አንድ ዓርብ ጾማችሁን ታድሩ ይሆናል፤ አንቺ ተነስተሽ አትሥሪለት። (የመብራትና የውሃ ክፍያውን ግን ለአሁኑ አትላኪው። ብር ያለበትን ነገር ቆይተን እናየዋለን።)

አንድ ነገር ደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ፤ አንቺን። እድሜዬ 25 ነው ብለሽ ጀመርሽ፣ ካሸር ነኝ አልሽ፣ ከዚያ በኋላ ያለው በሙሉ ስለ እሱና ስለ እናትሽ ነው። እናትሽ ስትሄድ 19 ዓመትሽ ነበር። ምን እያደረግሽ ነበር ያኔ? ያቋረጥሽው ትምህርት ነበር? ካዛንቺስ የቀሩት ጓደኞችሽስ የት ደረሱ? እሱ ታክሲ ቀያይሮ የሚሄድበት ቦታ አለው። አንቺስ ሳትሄጂ ብትቀሪ «የት ገባች?» የሚል ማን አለ? ለዚህኛው እኔ መልስ የለኝም። ግን ቅዳሜ እዚያ አዳራሽ ስትቀመጪ ልጃቸውን የሚጠብቁ አንድ ሁለት እናቶች ወይም እህቶች አይጠፉም። አዋሪያቸው። ሐዋሳ የሚሄደው ልጅ የእነሱም ነው፤ የፎርሙን ጥያቄዎች አንድ ላይ ሆናችሁ ብታቀርቡ አሰልጣኙም ይበልጥ ይሰማል።

የዕዳው ነገር እውነት ሆኖ ከተገኘና መጠኑ ከአቅምሽ በላይ ከሆነ ሳትውዪ ሳታድሪ ጻፊልኝ።